ቁራ «ውርጭ ይቀራል» ያለ ጊዜ

ቂ ቂ ቂ! ኧረ ቆዩኝማ፣ ሆዴን ልያዝበት! ያ ቁራ፣ ያ ማጅራቱ ላይ ነጭ ጥምጥም የጠመጠመ የሚመስለው ቁራ፣ ክንፉን ዘርግቶ ያላት ነገር ትዝ ባለችኝ ቁጥር እንባዬ እስኪወርድ ነው የምስቀው። ምን እንዳለ አሁን አልነግራችሁም። እሷ ወደ ኋላ ናት። ዋናዋን አስቀድሜ ብነግራችሁ ተነሥታችሁ ትሄዱብኛላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

ደግሞ ዛሬ «ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ ላም የለችበትም። «የቆቅ ጎጆ» በሉ።

ተረት ተረት!

የቆቅ ጎጆ!

እሰይ፣ እንደሱ!

ድሮ ድሮ ነው። ድንጋይ ሲጠሩት አቤት በሚልበት፣ አውሬና እህል እርስ በርሱ በሚያወጋበት ዘመን፣ ከደጋም በላይ የሆነ አንድ ተራራ ነበር። ሣሩ እስከ ጉልበት ነው፤ ጅባራው እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ገደሉ ወደ ታች ሲያዩት ራስ ያዞራል። በዚያ ተራራ፣ ሰው አርሶ የሚበላበት አገር መጨረሻ ላይ፣ ሦስት እርከን ብቻ ያላት አንዲት የገብስ ማሳ ነበረች።

የማሳዋ ባለቤት ደብሪቱ ትባላለች። ደብሪቱ ያላት በሬ አንድ ነው። አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም፤ ስለዚህ ከጎረቤቷ ከአያ ጎሹ በሬ ጋር እያቀናጀች ነው የምታርሰው። ታዲያ አያ ጎሹ መጀመሪያ የራሱን ያርሳል። ቀጥሎ የወንድሙን ያርሳል። ቀጥሎ በሬዎቹ ምላሳቸውን አውጥተው ሲያለከልኩ፣ «በይ እንግዲህ፣ ተራሽ ደረሰ» ይላታል። በዚህ የተነሣ የደብሪቱ ገብስ ሁልጊዜ ኋለኛ ነው። ኅዳር ሊያልቅ ነው፣ የሰው ገብስ ታጭዶ ተከምሯል፣ የሷ ገና ዛላው ውስጥ ወተት ይዞ ይወዛወዛል።

አንድ እሑድ ደብሪቱ ማሳዋ ዳር ቆመችና ዛላውን በመዳፏ እየዳሰሰች፣ «የነገ ሳምንት ደቦ ጠርቻለሁ» አለችው። «እስከዚያ ጠጥርልኝ። ሌላ ምንም አልልህም።»

«ውርጭ ካልመታኝ እጠጥራለሁ» አለ ገብሱ። እሷ አልሰማችውም፤ ሰው ናታ! አንዲት ቆቅ ግን ሰማችው።

ቆቋ የምትኖረው በዚያው ማሳ፣ በታችኛው ጥግ ነው። ሐምሌ ላይ የጣለችውን እንቁላል ጎርፍ ወስዶባታል። አልቅሳ አልቅሳ እንደገና ጣለች። እንደገና ታቀፈች። አምስት ጫጩት ፈለፈለች። ግን ምን ያደርጋል፣ ኅዳር ላይ! ልጆቹ ገና ላባ አላወጡም፤ ጥጥ የመሰለች ፀጉር ብቻ ናት ያለቻቸው። አይበሩም። ገደሉ ደግሞ በእግር አይወረድም። ገብሱ ጣራቸው ነው፤ ገብሱ ምግባቸው ነው። ውርጭ አንድ ቀን ሲነጋጋ ገብሱን ቢመታው፣ የደብሪቱ ዓመት ገለባ ይሆናል፤ የቆቋ አምስት ልጆችም ፀሐይ ሳትወጣ ድርቅ ብለው ይቀራሉ።

«ስምንት ቀን» አለች ቆቋ። «ስምንት ቀን ብቻ።»

አሁን ስለ ቁራው ልንገራችሁ።

በዚያ ተራራ እሑድ ከሰዓት፣ አውሬው ሁሉ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ይሰበሰባል። ነፋስ ሳምንቱን ሙሉ በየሸለቆው ሲዞር ይሰነብትና የመጪውን ሳምንት አየር ወሬ ለቁራ ያመጣል። ቁራ ለሁሉም ይናገራል። እሱ የተናገረውን ሰምቶ ነው ጭላዳው ግጦሹን የሚመርጠው፣ ፍልፈሉ ጉድጓዱን የሚደፍነው።

ቁራ ግን አንድ ነገር ብሎ አይደግምም። ለምን ብትሉ፣ ድሮ አንድ ቅድመ አያቱ ከመርከብ ተልኮ ሳይመለስ ቀርቷል ተብሎ፣ ዘር ማንዘሩ «የቁራ መልክተኛ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ይኼኛው ታዲያ ያን ስም አጠፋለሁ ብሎ እንዲህ ኮራ። «እኔ መልእክት አደርሳለሁ። አንዴ አደርሳለሁ። መስማት የናንተ ነው» ይላል። አለቃ ቁራ ካላሉት ዞር ብሎም አያይ!

የዚያን እሑድ ቁራ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስሙ! ሰኞ ፀሐይ። ማክሰኞ ፀሐይ፣ ከሰዓት ነፋስ። ረቡዕ ጉም። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ ሲነጋጋ፣ ውርጭ ይቀራል። ጨረስኩ!»

መጀመሪያ የጮኸው አያ ጭላዳ ነው፣ ደረቱ ላይ ቀይ ነገር ያለበት፣ የመንጋው ሽማግሌ። «እሰይ!» አለ። «ውርጭ ቀረ! አይመጣም! ልጆቻችሁን ገደሉ አፋፍ ላይ አሳድሩ፤ ሣሩ እዚያ ይሻላል!»

«የምን አይመጣም!» አለ ፍልፈል፣ ራሱን ከጉድጓዱ ብቅ አድርጎ። «ይቀራል አለ እኮ! ገና ይቀራል፣ ገና አለ ማለት ነው። እንጀራ ይቀራል ሲሉህ እንጀራ የለም ማለት ነው እንዴ?»

«ድግሱ ይቀራል ሲሉህስ? ትሄዳለህ?»

«እኔ ድግስ ተጠርቼ አላውቅም!»

«አፈር ለብሰህ ማን ይጠራሃል!»

ጅባራዋ ከላይ ሆና ሁለቱንም ሰማቻቸው። እትዬ ጅባራ ፈሪ ናት፤ ማታ ማታ ቅጠሏን እንደ ጋቢ አጣጥፋ ነው የምትተኛው። «ኧረ እናንተ አልገባችሁም» አለች እየተንቀጠቀጠች። «ውርጭ ይመጣል፤ መጥቶም እዚሁ ይቀራል። ወደ ቤቱ አይመለስም። አለቀልን!»

በቃ፣ ተራራው ለሦስት ተከፈለ። አንዱ አይመጣም ይላል። አንዱ ገና አለ ይላል። አንዱ መጥቶ ይሰፍራል ይላል። ቃሏ አንድ፣ ሰሚው ሦስት! ሳቅ በሳቅ ሆኑ፤ ስድብ በስድብ ሆኑ።

ያልሳቀችው ቆቋ ብቻ ናት። ቱር ቱር እያለች ወደ ቁራው ሄደች።

«አለቃ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና።»

«ያቺን የመጨረሻዋን...»

«ብያለሁ።»

«ብለዋል፤ ግን ምን ማለት...»

«ያልኩትን ማለት ነው።»

«ይመጣል ነው ወይስ አይመጣም?»

«ይቀራል!» አለና ክንፉን አራግፎ በረረ። ሲበር ግን ቸኮለ፤ ኧረ በጣም ቸኮለ። ቆቋ ያቺን ችኮላ አየቻት።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ደስ የሚለውን ትርጉም ይዞ ይተኛል። ቆቋ ግን እናት ናት። «አምስት ልጅ ይዤ በግምት አላድርም» አለች። «የውርጭን ነገር ከራሱ ከውርጭ እጠይቃለሁ።»

ሰኞ ማለዳ ልጆቿን ለገብሱ አደራ ሰጠች። «አለሁልሽ» አለ ገብሱ። እሷም ዳገቱን ተያያዘችው። ትንሽ በረር፣ ብዙ ሮጥ፣ ትንሽ በረር፣ ብዙ ሮጥ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ነክታው የማታውቀው አንድ ስንጥቅ አለት ዘንድ ደረሰች። ውርጭ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። ጢሙ ነጭ፣ ልብሱ ነጭ፣ ጥፍሩ ነጭ፤ ንጹሕ ሽማግሌ! ክፉ ፊት የለውም። ብርድ ፊት ነው ያለው።

«አባ ውርጭ፣ ለአንድ ነገር ነው የመጣሁት። ሐሙስ ይመጣሉ ወይስ ይቀራሉ?»

«እቀራለሁ ያለ ማነው?»

«ቁራ።»

ውርጭ ሳቀ። ሲስቅ ጢሙ ላይ ያለው በረዶ ተንኳኳ። «ልጄ፣ እኔ በኅዳር መጨረሻ ቀርቼ አላውቅም። ሐሙስ እመጣለሁ። ዓርብ እመጣለሁ። ቅዳሜም እመጣለሁ።»

«ልጆች አሉኝ፣ አባ። አምስት ናቸው። ላባ የላቸውም።»

«ልጅ አላውቅም» አለ ውርጭ፣ ሳይቆጣ። «እህልም አላውቅም። እኔ የማውቀው ቤትን ነው። ሰማዩ ክፍት ከሆነ፣ አየሩም ጸጥ ካለ፣ ያ ቤት የኔ ነው፤ ገብቼ እቀመጣለሁ። ነፋስ የሚያተራምሰው ቤት መቀመጫ የለውም፤ አልቀመጥም። ጣራው የተከደነ ቤት ደግሞ አልገባም። ነውር ነው።»

ቆቋ ያን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። አያችሁ፣ መጥፎም ቢሆን እቅጩን ማወቅ! ውርጭ እንደሚመጣ አወቀች፤ ግን ምን እንደሚመልሰውም አወቀች። «ጣራ ነው የምፈልገው» እያለች ቁልቁል ወረደች። «ጣራ፣ ጣራ፣ ጣራ።»

ማክሰኞ በጠዋት ፀሐይን ጠየቀች።

«እሜቴ ፀሐይ፣ ሐሙስ ሲነጋጋ ቀደም ብለው ይውጡልኝ።»

«አይ አንቺ!» አለች ፀሐይ። «ሲነጋጋ እኮ እኔ ከጋራው ወዲያ ነኝ፤ ፊቴን እንኳ አልታጠብኩም። ሲረፍድ ልምጣና ላሙቅሽ?»

«ሲረፍድማ ምን ዋጋ አለው፤ ሙቀቱ ለሬሳ ነው» አለች ቆቋ።

ፀሐይ አዘነች። «እሑድን ለኔ ተይው» አለች። «እስከ እሑድ ካደረሳችሁት፣ ያን ገብስ በአንድ ቀን ነው ጥርስ የሚሰብር የማደርገው።»

ማክሰኞ ከሰዓት ነፋስ መጣ፤ አያ ነፋስ፣ ያ ሲናገር ግማሹን ቃል የሚውጥ! መቆም አያውቅም፤ ቆቋ እየተከተለች ነው ያናገረችው።

«አያ ነፋስ! ለቁራ ስለ ውርጭ ምን ብለህ ነው የነገርከው?»

«እኔ? ምን ነበር... አዎ! ሐሙስ ዓርብ ቅዳሜ፣ ውርጭ ይ... ስል ገደሉ ጋ ደረስኩ! ገደል ውስጥ ገባሁ! ቃሏም አብራኝ ገባች!»

«ቁራስ? ይ ምን? ብሎ አልጠየቀህም?»

«አልጠየቀኝም! የጀመርኩትን ራሱ ጨረሰው መሰለኝ!»

ቆቋ ቀጥ ብላ ቆመች። ለካ ያ ሁሉ ኩራት! ለካ አለቃ ቁራ የተናገረውን ራሱም አያውቀውም! ላለመጠየቅ ሲል ውርጭ ቢመጣም ባይመጣም የሚያስኬደውን ቃል መርጦ ነው የተናገረው። ይቺን ምስጢር ምላሷ ሥር ደበቀቻት።

«ሐሙስን እዚህ ዋልልኝ» አለችው ነፋስን። «ሲነጋጋ ማሳችንን አተራምስልኝ።»

«ሐሙስ አለሁ! ዓርብ ግን የለሁም፤ ወይና ደጋ አውድማ ላይ እህል የሚያዘሩ ገበሬዎች መንሽ ይዘው እያፏጩ ይጠብቁኛል!» አለና ሄደ።

አንድ ቀን ተገኘ። ሁለት ቀን ቀረ። ኧረ በዚህ ቃል እኔም ተበከልኩ! ሁለት ቀን ጎደለ ልበል።

ረቡዕ ጉም መጣ። ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ገደሉን እየታከከ። ጉም ሁልጊዜ አኩራፊ ነው። ለምን መሰላችሁ? ከንቱ ሥራ የሚሠራ ሲያዩ ሁሉም «ጉም እንደ መዝገን ነው» ይላሉ። የጭላዳ ግልገል ሳይቀር እጁን ወደሱ ሰዶ፣ ባዶውን ያሳይና ይስቅበታል።

«ጉሜ፣ እንደምን ሰነበትክ?»

«አንቺም ልትዘግኚኝ ነው?» አለ ጉም።

«እኔ ልዘግንህ አልመጣሁም። ልለብስህ ነው የመጣሁት።»

ጉምን እንዲህ ያለው የለም። በሕይወቱ «እንደ ልብስ ታስፈልገኛለህ» ብሎት የሚያውቅ የለም። ከዓይኑ ጠብ ጠብ አለ፤ ሣሩ ሁሉ ረጠበ።

«ድገሚው» አላት።

«ልለብስህ ነው የመጣሁት» ብላ ደገመችለት፤ መድገም ምን ያሳፍራል! «ዓርብና ቅዳሜ፣ ሲነጋጋ፣ ሦስቷን እርከን ሸፍንልኝ። ልጆቼም ይተርፋሉ፤ የደብሪቱም ገብስ ይተርፋል።»

«እሸፍናለሁ» አለ ጉም። «ግን ማንም እንዳይሰድበኝ። ከተሰደብኩ እነሣለሁ፤ ጠባዬ ነው፣ ምን ላድርግ።»

ሐሙስ ሲነጋጋ ውርጭ መጣ። ነጭ ነጠላውን የላይኛው እርከን ላይ ሊያነጥፍ ጎንበስ ሲል፣ ነፋስ መጥቶ እፍ! ሁለተኛው እርከን ላይ ሊያነጥፍ፣ እፍ! ሦስተኛው ላይ፣ እፍ! «ይኼ ቤት መቀመጫ የለውም» አለና ተመለሰ።

ዓርብ ሲነጋጋ ውርጭ መጣ። ማሳዋ በጉም ተሸፍናለች፤ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። ውርጭ ውጭ ቆሞ ሳል ሳል አለ። ማንም ግባ አላለውም። ተመለሰ።

ቅዳሜ! ቅዳሜ ነው ነገሩ! ሲነጋጋ ጉም እንደ ቃሉ ማሳዋን አልብሷት ተኝቷል። ቆቋ አምስቱንም ልጆቿን ክንፏ ሥር አድርጋ የገብሱን ትንፋሽ ታዳምጣለች። ገብሱ «ልጠጥር ነው፣ ልጠጥር ነው» ይላል። ድንገት ከላይ ጩኸት ተሰማ።

ቁራ ነው!

«ምንድነው ይኼ?» ይላል እየዞረ። «ጉም የረቡዕ ነው! ዓርብ ጉም አልኩ? ቅዳሜ ጉም አልኩ? የጭላዳ ግልገል እንኳ ቁራ ተሳሳተ እያለ ይስቅብኛል! ተነሥ ከዚህ!»

ጉም ዝም አለ።

«አንተን አይደለም እንዴ! የማትዘገን ከንቱ!»

ወየው! ተሰደበ። ጉም ደርቆ ቀረ፤ ከዚያ ጠርዙን እንደ ቀሚስ መሰብሰብ ጀመረ። ከላይ ሰማዩ ተቀደደ፤ ቅዳዱ ሰፋ፤ ውርጭ ከአለቱ አየውና ተነሣ። ቅርጭ ቅርጭ እያለ ወረደ። የማሳዋ ዳር ያለው ሣር ነጣ። የላይኛው እርከን ዳር ነጣ። ገብሱ ከላይ ጀምሮ «እመት ቆቅ! እግሬ! እግሬ በረደኝ!» ብሎ ጮኸ።

ቆቋ ዘላ ድንጋይ ላይ ወጣች። ያቺ ምስጢር ምላሷ ላይ መጣች። «አንተ ውሸታም፣ የተናገርከውን አታውቀውም!» ልትለው ነበር። ብትለው ሐቅ ነው። ግን ቁራ አፍሮ ይሄዳል፤ ጉምም ተቀይሞ ይሄዳል፤ እሷ ሐቋን ታቅፋ አምስት ሬሳ ትቆጥራለች። ዋጠቻት። ዋጠችና ምን አለች መሰላችሁ?

«አለቃ! እንኳን ደስ ያለዎት!» አለች።

ቁራ አየር ላይ ደነገጠ። «ለምኑ?»

«እንዴ! ውርጭ ይቀራል አላሉም? ይኸው ሐሙስ ቀረ። ዓርብ ቀረ። ዛሬም ከቀረ፣ ሦስቱም እንዳሉት ሆነ ማለት ነው! በተራራው ላይ የርስዎን ያህል አዋቂ የለም ሊባል ነው። ጉም ከተነሣ ግን... ያው ውርጭ ቁልቁል እየመጣ ነው፣ ያዩታል።»

ቁራ ውርጭን አየ። ጉምን አየ። ቆቋን አየ። ምንቃሩን ከፈተ፤ ዘጋ። እንደገና ከፈተ።

«...ብያለሁ እንዴ?» አለ።

ቂ ቂ ቂ! «ብያለሁ እንዴ» አለ! ቃሏ አመለጠችው! ወዲያው ግን ክንፉን እንዲህ ዘርግቶ፣ አንገቱን እንዲህ ሰብቆ፣ «እኔ እኮ ብያለሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ገደሉ ሁሉ አስተጋባ። «ውርጭ ይቀራል ብያለሁ! አይመጣም ማለቴ ነው! ድሮም አይመጣም ማለቴ ነበር! ጉም! ወንድሜ! የወንድሜ ልጅ! ንቅንቅ እንዳትል!»

ጉም ግማሹ ተነሥቷል። «ሰድበኸኛል» አለ።

ውርጭ ሁለተኛው እርከን ጫፍ ደረሰ። ቅርጭ።

«ይቅር በለኝ» አለ ቁራ፣ በአፍንጫው።

«አልሰማሁም። ድገመው።»

እናንተ! ቁራ ድገም ተባለ! በሕይወቱ ደግሞ የማያውቀው! ላባው ቆመ። «ይቅር በለኝ» አለ ሁለተኛ።

«ጆሮዬ ጉም ነው» አለ ጉም። «ጮክ ብለህ።»

ቅርጭ።

«ይቅር በለኝ አልኩህ! ይቅር በለኝ! ስንቴ ልበልህ!»

«እዚህ ላይ ይበቃል» አለ ጉም፤ ሳቁን እየዋጠ ሙሉ ሰውነቱን መልሶ ማሳዋ ላይ ጣለው። እርከኖቹ ጠፉ፤ ሰማዩ ተከደነ። ውርጭ አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር፤ እንዳነሣ ቆመ።

«ቤቱ ተከድኗል» አለ። «ያልጠሩት ሰው አይገባም። ደህና ዋሉ።» ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተመለሰ። የላይኛው እርከን ዳር ያሉ ጥቂት ዛላዎች ብቻ ነጥተው ቀሩ፤ ሌላው ሁሉ ተረፈ። አምስቱም ጫጩቶች ከክንፏ ሥር ብቅ ብቅ አሉ።

እሑድ ፀሐይ ቃሏን ጠበቀች፤ ገብሱን በአንድ ቀን ጥርስ የሚሰብር አደረገችው። የዚያን እሑድ ከሰዓት ቁራ ድንጋዩ ላይ ሲወጣ፣ «ሰኞ ብርድ፣ ግን ደረቅ» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ «ገባችሁ? ያልገባው ይጠይቀኝ» አለ። ፍልፈል ሆነ ብሎ አራት ጊዜ አስደገመው!

የተረቱ ነገር ይኼው ነው። የሰው ቃል ሲያሻማችሁ ደስ የሚላችሁን ትርጉም አትምረጡ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ አስደግሙ። ስትናገሩም ያልሰማችሁትን አልሰማሁም በሉ። ደግሞ ሐቅ በእጃችሁ ስትይዙ፣ ለማን መምቻ ልታደርጉት እንደሆነ አስቡ። ልትስቁ ብቻ አልነበረም የተቀመጣችሁት!

ሰኞ ደቦው ወጣ። ማጭዱ ሻ ሻ ይላል፣ ነዶው ይቆማል፣ ጨዋታው ደርቷል። አያ ጎሹ ፊት ፊት ያጭዳል።

«ደብሪቱ» አላት ላቡን እየጠረገ፣ «ቅዳሜ ጠዋት ውርጭ ሲወርድ ከደጄ ሆኜ አይቼ፣ ምስኪን ገለባ ልታጭድ ነው ብዬ አዝኜልሽ ነበር እኮ።»

«አዝነህልኝ ቢሆንማ በሬህን ቀድመህ ታቀናጀኝ ነበር!» አለችው። ደቦው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። አያ ጎሹም አፈረ፤ አፍሮም ሳቀ።

«ከርሞ መጀመሪያ ያንቺን እናርሳለን» አለ። «ይኸው በሰው ፊት ተናገርኩ።»

እያጨዱ እያጨዱ ታችኛው ጥግ ደረሱ። አያ ጎሹ ዛላውን በግራ እጁ ጨብጦ ማጭዱን ሲሰድ፣ አንዲት ቆቅ ክንፏን ዘርግታ ተቀምጣ አየ። አልበረረችም። ዓይኗን እሱ ላይ ተክላ ቁጭ ብላለች፤ ከሥሯ አምስት ትናንሽ ምንቃር ይታያል። «ኧረ! ወጥ ራሷ መጣች!» ብሎ እጁን ሲሰድ፣ ደብሪቱ ደርሳ ክንዱን ያዘችው። ቆቋን አየቻት። ጫጩቶቹን ቆጠረቻቸው። ያልታጨደችውን ጥግ በእጇ እንደ አጥር ከለለችና እንዲህ አለችው፦

«ተው አያ ጎሹ፣ ማጭድህን መልስ፤ ይቺ ጥግ ባለቤት አላት።»